«በ20 ዶላር ቤንዚን 175 ዶላር ተቆረጠብኝ» አለችኝ

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። 26 ዓመት አይሱዙ ነድቻለሁ። ጣርማ በርን ስንቴ እንደወጣሁና እንደወረድኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አሁን በዕድሜ ምክንያት ቤት ነው የምውለው። ልጄ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት። አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ለፋሲካ 150 ዶላር እልካለሁ ብላን ነበር። ለበግና ለእናቷ መነጽር።

የስቅለት ዕለት ደወለችና ‹አባዬ፣ የ20 ዶላር ቤንዚን ቀዳሁ፣ ማሽኑ 175 ዶላር ቆረጠብኝ፣ እስኪለቀቅ መላክ አልችልም› አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን ማደያ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። 20 ቀድቶ 175 የሚቆርጥ ማደያ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ‹መላክ ካልፈለግሽ በግልጽ ንገሪኝ፣ አባትሽን አታሞኚ› አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። በጉን በዱቤ ገዛን። ማክሰኞ ዕለት 150 ዶላሩ መጣ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። ይኸው 12 ቀን ሆነ። እናቷ ታለቅሳለች። ጎረቤት ደግሞ ‹ልጅቷ ተለውጣለች› ይላል። ገንዘቡን ከየት አመጣችው? ዋሽታኝ ነበር? ወይስ ተበድራ ነው? እንዲህ ያለ ማደያስ በእርግጥ አለ?»

ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጅዎ አልዋሸችዎትም። የነገረችዎት ነገር እዚያ አገር በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ይህን ቶሎ ማወቅ አለብዎት አልኩና ከሌሎቹ አስቀደምኩት።

ነገሩን ያበላሸችው አንዲት ቃል ናት። ልጅዎ «ቆረጠብኝ» አለች። «ያዘብኝ» ብትል ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እኛ ጋ «ተቆረጠ» ከተባለ ብሩ ሄዷል ማለት ነው። በቴሌብር ከፍለው መልእክቱ ሲገባ፣ ብሩ ከእርስዎ ኪስ ወጥቶ የማደያው ሆኗል። እሷ ጋ የሆነው ሌላ ነው። 175 ዶላሩ ከባንኳ አልወጣም። እዚያው ሂሳቧ ውስጥ ነው ያለው። ግን ታስሯል፣ ልትነካው አትችልም። በስልኳ ስታየው የሚታያት የቀነሰው ቁጥር ስለሆነ «ቆረጠብኝ» ብትል አልፈርድባትም። ብዙ ሰው እንደዚያው ነው የሚለው።

ለእኛ አገር ሰው በበግ ማስረዳት ይቀላል። አንድ ባለበግ ሰባት በግ ይዞ ገበያ ወጣ እንበል። አንድ ገዢ መጣና «ስንት እንደምወስድ ገና አላወቅሁም፣ ለማንኛውም ስድስቱን ለይተህ አቁምልኝ» አለው። ስድስቱ ወደ ጎን ተለዩ። የባለበጉ ናቸው፣ እጁ ላይ ናቸው። ግን ሌላ ገዢ ቢመጣ ሊሸጥለት አይችልም። በመጨረሻ ያ ሰውዬ አንድ በግ ብቻ ወሰደና ሄደ። አምስቱ ወደ መንጋው ይመለሳሉ። ችግሩ ያለው በመሀል ነው። «አንድ ብቻ ነው የወሰድኩት» የሚለው መልእክት ለባለበጉ እስኪደርሰው ድረስ አምስቱ እንደተለዩ ይቆማሉ። ልጅዎ ስልኩን ያነሳችው በዚያ መሀል ነው።

ለምን እንዲህ ይደረጋል ካሉ፣ እርስዎ ማደያን ስለሚያውቁ ቶሎ ይገባዎታል። እዚያ አገር በአብዛኛው ቦታ ነዳጅ ቀጂ የለም። ኒው ጀርሲ በሚባለው ግዛት ብቻ ቤንዚን ራስን መቅዳት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ቀጂ ይቀዳልዎታል። ልጅዎ ባለችበት ቨርጂኒያ ግን ሹፌሩ ራሱ ይወርዳል። ካርዱን ፓምፑ ላይ ያስገባል፣ ራሱ ይቀዳል፣ ክዳኑን ዘግቶ ይሄዳል። አንድም ሰው ሳያናግር ነው የሚጨርሰው። እርስዎ በሚነዱበት ዘመን ቀጂው አጠገብዎ ቆሞ «ስንት ልቅዳ?» ይልዎት ነበር። ያ ማሽን ግን አይጠይቅም። 10 ሊትር ይወስዱ ወይም የትልቅ ፒካፕ ታንከር ይሞሉ አያውቅም። ስለዚህ ቤንዚኑን ከመልቀቁ በፊት ባንኩን «ይህ ሰው እስከዚህ ድረስ የሚከፍልበት አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ «አለው» ይልና ያን ያህል ያስርለታል።

175 የሚለው ቁጥርም ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን በጣም ተወዶ ነበር። በሰኔ ወር አንዱ ጋሎን በአማካይ ከ5 ዶላር አለፈ። ጋሎን ማለት 3.8 ሊትር ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የካርድ ድርጅቶቹ ቪዛና ማስተርካርድ ማደያ ሊያስይዝ የሚችለውን ጣሪያ ከ125 ወደ 175 ዶላር ከፍ አደረጉት። በ5 ዶላር ሂሳብ 35 ጋሎን፣ ወይም ወደ 132 ሊትር ማለት ነው። ይህ ለትልልቅ መኪኖች የታሰበ ልክ ነው። ልጅዎ በትንሽ የቤት መኪና 20 ዶላር ስትቀዳ ግን ማሽኑ ልዩነቱን አያይም። ሁሉም ማደያ 175 ያስይዛል ማለትም አይደለም። 50 የሚያስይዝ አለ፣ 100 የሚያስይዝ አለ። ካርዱ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ አንድ ዶላር ብቻ የሚያስይዝም አለ። ለዚህ ነው አንዷ ልጅ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይገጥማት፣ ሌላዋ ማደያ ስትቀይር በአንድ ቀን የሚገጥማት።

አሁን ወደ ልጅዎ ሂሳብ እንምጣ። ስንት እንደነበራት አላውቅምና ለምሳሌ ያህል 240 ዶላር ነበራት እንበል። 175ቱ ሲያዝ ልታወጣው የምትችለው 65 ብቻ ይቀራል። ለእናንተ የተቀመጠው 150 ከዚህ ውስጥ አይወጣም። ማደያው «20 ብቻ ነው የቀዳችው» ብሎ ለባንኩ ሲያሳውቅ እስራቱ ይፈታና ሂሳቧ 220 ይሆናል። ያኔ 150 መላክ ትችላለች። ጋሼ፣ ይህን ሳስብ ከደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ገንዘቡ የመጣው ማክሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት የተያዘ ገንዘብ ቅዳሜና እሁድ ባንክ ስለማይሠራ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው። ቀኑን ቆጥረው ይዩት። ልጅዎ ገንዘቧ እንደተለቀቀላት ውላ ሳታድር የላከችው ይመስለኛል። ስልክ ተዘግቶባት፣ «አታሞኚ» ተብላ፣ ለራሷ ሳትል ላከች። መበደር ላያስፈልጋት ይችላል። ጎረቤት «ተለውጣለች» ያላት ልጅ ይህቺ ናት።

እስራቱ የሚቆይበት ጊዜ እንደ ማደያውና እንደ ባንኩ ይለያያል። አንዳንዱ በደቂቃዎች ይለቀቃል። አንዳንዱ ሰዓታት ይወስዳል። ቀናት የሚወስድም አለ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ወይም በዓል ከገባበት። አንዳንድ ማደያ ትክክለኛውን ሂሳብ ወዲያው ይልካል፣ ሌላው የቀኑን ሁሉ ሰብስቦ ማታ ይልካል። አልፎ አልፎ ደግሞ የባሰ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የ20 ዶላሩ ክፍያ ተመዝግቦ የ175ቱ እስራት ገና ሳይነሳ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ። ያየ ሰው 195 ዶላር የተወሰደበት ይመስለዋል። እሱም ያልፋል።

ስለ ቁጣዎ ልናገር። የምናገረው ከራሴ ነው። ባለፈው ክረምት ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ አንድ ማደያ ቆምኩ። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗልና 1,800 ብር በስልኬ ከፈልኩ። ለእኔ «ከፍለዋል» የሚል መልእክት መጣ። ለቀጂዋ ግን አልደረሳትም። ኔትወርክ ተቋርጧል። «ገንዘቡ አልገባልኝም» አለች። እኔ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማኝ «ሌባ» አልኳት። ያቺ ልጅ እንባዋ መጣ። ከ40 ደቂቃ በኋላ መልእክቱ ገባላት። አንድም ብር አልጎደለም። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እሷም ምንም አይደለም አለችኝ፣ ፊቷ ግን እስካሁን አይጠፋኝም። ገንዘብ በማይታይ መንገድ ሲሄድ ሰው አጠገቡ ያገኘውን ሰው ነው የሚጠረጥረው። እርስዎም ያንን ነው ያደረጉት። ስለዚህ አልፈርድብዎትም። ግን ይስተካከል።

ልጅዎ ዳግመኛ እንዳይገጥማት የሚረዱ ነገሮች አሉ። ሲያወሩ ይንገሯት፣ ወይም ይህን ጽሑፍ ይላኩላት።

ዋናው ፓምፑ ላይ ካርድ አለማስገባት ነው። ማደያው ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ አለ። ገብታ «ፓምፕ ቁጥር 4 ላይ 20 ዶላር» ትበልና እዚያ ትክፈል። በካርድም ቢሆን የሚመዘገብባት 20 ዶላር ነው። መጠኑ አስቀድሞ ስለታወቀ የሚታሰርበት ምክንያት የለም። ታንከሩ በ17 ዶላር ቢሞላባት ሦስቱ ይመለስላታል። ጥሬ ገንዘብ ከያዘችማ ከነጭራሹ ባንክ አይነካካትም። ሌሊት ሠርታ ደክሟት ስትወጣ፣ ብርድ ሲሆን፣ መኪናው አጠገብ ቆሞ ካርድ ማስገባት እንደሚቀላት አውቃለሁ። ለአምስት ደቂቃ ድካም ግን ሦስት ቀን ከመጨነቅ ትድናለች።

የካርዱ ዓይነትም ለውጥ አለው። እኔ እንደገመትኩት የተጠቀመችው ደቢት ካርድ ነው። ደቢት ማለት ከራሷ ሂሳብ በቀጥታ የሚወጣ ነው፣ ስለዚህ የሚታሰረው የራሷ ጥሬ ገንዘብ ነው። ክሬዲት ካርድ ካላት የሚታሰረው ባንኩ ከፈቀደላት የብድር ጣሪያ ላይ ነው። ለቤት ኪራይ ወይም ለእናንተ ያስቀመጠችው አይነካም። እዚህ ላይ ግን እንደ ወንድም አንድ ነገር ልጨምር። ክሬዲት ካርድ በየወሩ ሙሉውን ካልከፈሉት ወለዱ ከባድ ነው። ለቤንዚን ብቻ ተጠቅማ ወር ሳይሞላ የምትከፍል ከሆነ ጥሩ ነው። ካልሆነ ይቅርባት፣ ገብታ ትክፈል። በደቢት ካርድ ፓምፑ ላይ መቅዳት ግድ ከሆነባት ደግሞ የሚስጥር ቁጥሯን አስገብታ ብትከፍል ብዙ ጊዜ ሂሳቡ ቶሎ ይስተካከላል።

ሂሳቧ ዝቅ ያለ ቀን በተለይ ትጠንቀቅ። ካርዱ ላይ ያለው ከሚያዘው መጠን ካነሰ ፓምፑ ጨርሶ ላይቀዳላት ይችላል፣ የምትፈልገው የ10 ዶላር ቤንዚን ቢሆንም። ከዚያ የከፋው ግን የቤት ኪራዩ ወይም የስልኩ ክፍያ በዚያው ቀን በራሱ የሚወጣ ከሆነ ነው። ገንዘቡ እያላት «በቂ ሂሳብ የለም» ተብሎ ክፍያው ይመለሳል። አንዳንድ ባንክ በዚያ ላይ ቅጣት ይጨምራል። ኑሮ ላይ ቀዳዳ የሚከፍተው ይህ ነው፣ እስራቱ ራሱ ሳይሆን።

ለእናንተ ገንዘብ በምትልክበት ሳምንት ደግሞ ቅደም ተከተሉን ትቀይር። መጀመሪያ ትላክ፣ ከዚያ ትቅዳ። በዓል ከሆነ ደግሞ ዓርብን አትጠብቅ። መኪና ስትከራይ ወይም ሆቴል ስታድርም ያው እስራት አለ፣ እንዲያውም መጠኑ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ይህን አስቀድማ ካወቀች አትደነግጥም።

የተያዘው ቶሎ ካልተለቀቀ ከካርዱ ጀርባ ያለውን የባንኩን ስልክ ትደውል። ደረሰኙን ይዛ «የቀዳሁት 20 ነው፣ 175 ተይዞብኛል» ትበል። አንዳንድ ባንክ ከማደያው አረጋግጦ ይፈታላታል። ደረሰኝ መያዝን እርስዎ ራስዎ ያስተምሯት፣ የሹፌር ልጅ አይደለች?

ሌብነት የሚሆነው መቼ ነው ካሉ፣ እስራቱ ተነስቶ የመጨረሻው የተመዘገበው ክፍያ ደረሰኙ ላይ ካለው ከበለጠ ነው። ለምሳሌ የ20 ዶላር ደረሰኝ ይዛ 60 ዶላር ተመዝግቦ ካገኘች ዝም አትበል። ለባንኳ ወዲያው ታሳውቅ። በአገሩ ሕግ መሠረት በደቢት ካርድ ላይ የታየ ስህተት መግለጫው ከተላከላት በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ መነገር አለበት። ልጅዎ ላይ የሆነው ግን ይህ አይመስልም። 150ው መምጣቱ ራሱ ገንዘቡ እንደተለቀቀ ይናገራል።

አሁን የሚቀረው ስልኩ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ይደውሉ። አባት ሆኜ እንዴት ቀድሜ እደውላለሁ እንዳይሉ። ስልኩን የዘጉት እርስዎ ነዎት። እሷ ደግሞ በእኛ አስተዳደግ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ተቆጥቶ የዘጋውን ስልክ ደፍራ መልሳ መደወል የሚከብዳት ይመስለኛል። 12 ቀን ዝም ያለችው ንቃዎት ሳይሆን ፈርታዎት ይሆናል።

ሲደውሉ ስለ ገንዘቡ አይጀምሩ። ጤናዋን ይጠይቁ፣ ፋሲካን እንዴት እንዳሳለፈች ይጠይቁ። በበዓሉ ሌሊት ሥራ ላይ ሳትሆን አልቀረችም። ከዚያ «የቤንዚኑ ነገር አሁን ገብቶኛል፣ አላወቅሁም ነበር፣ ተሳስቻለሁ» ይበሏት። ይህቺን ሦስተኛዋን ቃል አይዝለሏት። የበጉ ዱቤ መከፈሉን፣ የእናቷ መነጽር መገዛቱን ይንገሯት። መነጽሩ ገና ካልተገዛ ሳይደውሉ በፊት ይግዙትና እናቷ አድርጋው በቪዲዮ ትታያት። ለጎረቤቱም ቢሆን ዝም አይበሉ። «ልጄን በከንቱ ነው የጠረጠርኳት» ብለው ቢናገሩ እናቷ ቀና ብላ ትሄዳለች።

ሰዓቱን ልንገርዎት። በዚህ ወቅት ቨርጂኒያ ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምትወጣ ከሆነ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ቤት ልትገባ ስትል። ከ11 ሰዓት በኋላ ከደወሉ ተኝታ ይሆናል፣ ስልኩንም ላታነሳ ትችላለች። እንዳልፈለገችዎት አይቁጠሩት፣ በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ ይድገሙት።